ወንበሩ፣ እንጀራውና እንግዳው፦ የክልል መንግሥት የሠራተኛ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

በጎንደር ከተማ ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ የክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ ፊት ጥቂት የቆመ ሰው ሁለት የሚጣረሱ ንግግሮችን መስማቱ አይቀርም። አንዱ «መንግሥት ሠራተኛ በዝቶበታል፤ ቢሮው ሞልቶ ጉዳይ የሚፈጽም ግን የለም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጤና ጣቢያው ባለሙያ አጥሮታል፤ ልጄም የሂሳብ መምህር ሳያገኝ መንፈቁ አለቀ» ብሎ ያማርራል። ሁለቱ ሰዎች የሚናገሩት ስለ አንድ የክልል መንግሥት ነው፤ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገሩ ግራ የሚያጋባው «የሠራተኛ ቁጥር» የሚባለው በተለያየ ሰነድ ላይ የተለያየ ነገር የሚቆጥር በመሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ቁጥሩ ከምን ከምን እንደሚገነባ፣ ማን እንደሚወስነው እና አንድ ወንበር ለዓመታት ባዶ የሚቆይበትን ምክንያት በተቻለ መጠን በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት ይሞክራል።

«የክልል መንግሥት ሠራተኛ» የሚባለው ማን ነው?

ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ የሚበላ ሁሉ የክልል ሠራተኛ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ለክልሎች ከሰጣቸው ሥልጣኖች አንዱ ስለ ክልሉ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ ሕግ ማውጣትና ማስፈጸም ነው፤ ይህንንም ሲያደርጉ ለአንድ ሥራ የሚጠየቀው የትምህርት፣ የሥልጠናና የልምድ መመዘኛ ከአገር አቀፉ ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ይጠበቅባቸዋል። በዚህ መሠረት የአማራ ክልል በዝክረ ሕግ ጋዜጣው የሚያወጣው የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አለው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች በፌዴራል አዋጅ ይተዳደራሉ።

ልዩነቱን በጎንደር ከተማ ውስጥ በእግር እየሄዱ ማየት ይቻላል። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሥራ የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ በሆስፒታሉ የምትሠራ ነርስ የክልሉ ሠራተኞች ቁጥር ውስጥ አትገባም። ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምትሠራው፣ ምናልባትም አብራት የተመረቀችው ነርስ ግን በከተማ አስተዳደሩ በኩል የክልሉ ሠራተኛ ነች። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና የኢትዮ ቴሌኮም ሠራተኞች ደግሞ ከሁለቱም ወገን አይደሉም፤ የመንግሥት የልማት ድርጅት ተቀጣሪዎች በመሆናቸው የሚገዙት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መብራት ጠፍቶ ቅሬታ ሊያቀርብ ሄዶ ሰልፍ ሲያጋጥመው «የክልሉ መንግሥት ሰው አይቀጥርም» ቢል ወቀሳው ወደ ተሳሳተ በር ሄዷል ማለት ነው።

ከዚያ የሚቀረው የክልሉ ሠራተኛ በባሕር ዳር ባሉ ቢሮዎች የተከማቸ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው። አብዛኛው ሠራተኛ ያለው በወረዳና በከተማ አስተዳደር ሥር ሲሆን፣ ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ መምህር ነው። ቀጥሎ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይመጣሉ። «ሠራተኛ ይቀነስ» የሚል ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ፋይል ይዞ ኮሪደር ላይ የሚመላለሰውን ሰው ቢሆንም፣ ቁጥሩ በትክክል የሚገኘው ጠመኔ በያዘው እጅ ላይ ነው።

ስለ የትኛው ቁጥር ነው የምንነጋገረው?

ነገሩን በሰርግ ድግስ እናስበው። ደጋሹ በዳሱ ውስጥ 100 ወንበር ደርድሯል፤ እንጀራ የጋገረው ግን ለ70 ሰው ነው፤ በሰዓቱ የተገኘው እንግዳ ደግሞ 55 ነው። ከዳሱ ውጭ ያለ ሰው «ስንት ሰው ተጠራ?» ብሎ ቢጠይቅ ከወንበር ደርዳሪው፣ ከእንጀራ ጋጋሪዋና ከአስተናጋጁ ሦስት የተለያየ መልስ ያገኛል። ከሦስቱም አንዱ እንኳ አልዋሸም።

ወንበሩ የተፈቀደ የሥራ መደብ ነው። መደብ ማለት አንድ ሰው ሊሠራው የሚገባ፣ ስያሜና ደረጃ፣ ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ፣ እንዲሁም የመደብ መታወቂያ ቁጥር የተሰጠው የሥራ ቦታ ነው። መደብ ሰው አይደለም፤ ሰው ሳይኖርም በወረቀት ላይ ይኖራል። እንጀራው በጀት የተያዘለት መደብ ነው፤ ማለትም በዚያ ዓመት ደመወዙ በመሥሪያ ቤቱ በጀት ውስጥ የገባለት። እንግዳው ደግሞ በመደቡ ላይ ተመድቦ በየወሩ በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ የሚፈርመው ሰው ነው።

በተፈቀደውና ሰው በያዘው መካከል ያለው ልዩነት ክፍት መደብ ይባላል፤ ሆኖም ክፍት መደብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጀት ያለው ክፍት መደብ ነገ ማስታወቂያ ሊወጣበት ይችላል። በጀት የሌለው ክፍት መደብ ግን እንጀራ ያልተጋገረለት ወንበር ነው፤ የተማረ ሥራ ፈላጊ በከተማው ሞልቶ እያለም ማንም አይቀመጥበትም። አንድ መሥሪያ ቤት «መዋቅሬ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው» ሲል ጥያቄው ሁልጊዜ መሆን ያለበት ባዶው ወንበር እንጀራ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው።

ከዳሱ ጠርዝ በርጩማ ላይ የተቀመጡም አሉ። እነዚህ የኮንትራትና ጊዜያዊ ሠራተኞች ናቸው። በአገሪቱ የመንግሥት ሂሳብ አያያዝ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ በ6111፣ የኮንትራት ሠራተኛ ምንዳ በ6113 ሂሳብ መደብ ስለሚመዘገብ፣ የቋሚ ሠራተኛን ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት እነዚህን አይቆጥርም። በሌላ በኩል ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ በቦታው አለ ማለት አይደለም፦ ለትምህርት የሄደ፣ በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች፣ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በውሰት የተወሰደ ይኖራል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋበት መምህርም ክፍል ሳይገባ በቁጥሩ ውስጥ ይቆያል።

መደብ ከየት ይመጣል?

መደብ የሚወለደው ከመዋቅር ነው። የክልሉ ምክር ቤት አስፈጻሚ አካላትን በአዋጅ ሲያቋቁም ወይም ሲያዋህድ፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት ምን ምን ዳይሬክቶሬትና ቡድን እንደሚኖረው፣ በእያንዳንዱም ስንት መደብ እንደሚያስፈልግ ይጠናል። ሲቪል ሰርቪሱን የሚመራው የክልሉ አካል ጥናቱን ይመረምራል፣ መደቦቹን በሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ዘዴ ይመዝናል፤ በተለምዶ «ጄኢጂ» የሚባለው ይህ ነው። ሥራው የሚጠይቀው ዕውቀት፣ ኃላፊነቱና ክብደቱ ነጥብ ተሰጥቶት ከ22 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይቀመጣል። የሚመዘነው ሥራው እንጂ ሠራተኛው አለመሆኑ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው በዝቅተኛ ደረጃ መደብ ላይ ቢቀመጥ የሚከፈለው የመደቡ ደመወዝ ነው።

አንድ መደብ ከላይ ሲፈጠር ብቻውን አይፈጠርም። በክልል ደረጃ «ቢሮ» የሚባለው በዞን «መምሪያ»፣ በወረዳ ደግሞ «ጽሕፈት ቤት» እየሆነ ይወርዳል። አንድ አዲስ ቢሮ ተቋቋመ ማለት በየዞኑ አንድ መምሪያ፣ በየወረዳው አንድ ጽሕፈት ቤት፣ በእያንዳንዱም ኃላፊ፣ ባለሙያ፣ ጸሐፊና የሰው ሀብት ሠራተኛ ማለት ሊሆን ይችላል።

ለጎንደር ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ሰሜን ጎንደር አንድ ዞን ነበር፤ መቀመጫውም ጎንደር ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት ለሦስት ተከፍሎ ማዕከላዊ ጎንደር በጎንደር፣ ሰሜን ጎንደር በደባርቅ፣ ምዕራብ ጎንደር በገንዳ ውሃ ተቀመጡ። የሕዝቡ ቁጥር በአንድ ሰው አልጨመረም፤ ተማሪውም፣ ታካሚውም፣ ገበሬውም ያው ነው። የዞን መምሪያዎች ወንበር ግን አንድ የነበረው ሦስት ሆነ፤ ሦስት የትምህርት መምሪያ፣ ሦስት የጤና መምሪያ፣ ሦስት የፋይናንስ መምሪያ። ለደባርቅና ለገንዳ ውሃ ነዋሪ ዞኑ መቅረቡ ትልቅ ጥቅም እንደሆነ አያከራክርም፤ ቀድሞ ለአንድ ፊርማ ጎንደር ድረስ መጥቶ ማደር ነበረበት። የሠራተኛ ቁጥር ለምን እንደሚያድግ ለሚጠይቅ ግን መልሱ አንዳንዴ ከሥራው መብዛት ሳይሆን ከድንበሩ መብዛት የሚመጣ መሆኑን ይህ ምሳሌ በደንብ ያሳያል።

ለስንት ሰው ስንት ባለሙያ ይበቃል?

በቢሮ ሥራ ላይ ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ በአገልግሎት ሰጪ ተቋማት ግን ደረጃ ወጥቷል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለአንድ የገጠር ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ሰው ገደማ፣ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደባሉ። ለቀበሌው ገበሬ ደግሞ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የግብርና ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታስቧል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ እንዲሆን ግብ ተቀምጧል። የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው፣ የገጠሩ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሰው እንዲያገለግል ይታሰባል።

ለአንድ ጤና ጣቢያ ማን ማን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ኮሌጁ በ1940ዎቹ ሲከፈት ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስ እና የሳኒቴሽን ባለሙያ እንደ አንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ታስበው ነው። አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁለቱ ሥራውን ሊሸፍኑት አይችሉም የሚል አስተሳሰብ ነበረው፤ ዛሬ «የሙያ ስብጥር» የምንለው እርሱው ነው።

ደረጃ መኖሩ ግን ሁለት ችግር አለው። የመጀመሪያው የሚካፈለው ሕዝብ ቁጥር ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ የጎንደር ከተማ ነዋሪ 207,044፣ የክልሉ ሕዝብ ደግሞ 17.2 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። በቆጠራው ቁጥር ከሄድን ከተማዋ 5 ጤና ጣቢያ ይበቃታል፤ ነዋሪው 400 ሺህ ደርሷል ብለን ብናስብ ግን 10 ያስፈልጋታል፤ በየጤና ጣቢያው የሚገባው ባለሙያም አብሮ እጥፍ ይሆናል። ማራኪና አዘዞ በኩል ከተማዋ የተለጠጠችበትን መጠን ያየ ሰው የትኛው ስሌት እንደሚቀርብ ለራሱ ሊፈርድ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ድምር የሚደብቀው ጉድለት ነው። ከአምስተኛ ክፍል በላይ መምህር የሚቆጠረው በትምህርት ዓይነትና በሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ነው። አንድ ትምህርት በሳምንት 4 ጊዜ የሚሰጥ ከሆነና 6 ክፍሎች ካሉ 24 ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም የአንድ ሰው ሙሉ ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱ በጠቅላላው 30 መምህር ያስፈልገዋል ተብሎ 30 ቢኖሩትም፣ ከመካከላቸው አራቱ የታሪክ መምህር ሆነው የሂሳብ መምህሩ አንድ ብቻ ቢሆን ሪፖርቱ «መቶ በመቶ የተሟላ» ይላል፤ ልጁ ግን ሂሳብ አይማርም። ይኸው ነገር በወረዳዎች መካከልም ይታያል። በከተማ ዙሪያ ያለ ትምህርት ቤት መምህር ተትረፍርፎለት፣ መንገድ በሌለበት ቆላ ያለው ባዶውን ሊቀር ይችላል፤ የክልሉ አማካይ ግን ሁለቱንም በአንድ ላይ ደብልቆ ደህና ነው ይላል።

ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው?

የክልሉ ገንዘብ ከሁለት ምንጭ ይመጣል፦ ራሱ ከሚሰበስበው ግብርና ከፌዴራል መንግሥት ከሚያገኘው ድጎማ። ድጎማው ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉም በበኩሉ ከሚያገኘው ላይ ለወረዳዎች በቀመር ያካፍላል፤ ይህ አሠራር በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቆየ ነው። ወረዳው ገንዘቡን የሚያገኘው በጥቅሉ ስለሆነ ስንቱን ለደመወዝ፣ ስንቱን ለመንገድ እንደሚያውለው የሚያጸድቀው የራሱ ምክር ቤት ነው። ዞኑ ግን፣ ከብሔረሰብ ዞኖች በስተቀር፣ የራሱ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ ቅርንጫፍ ሆኖ በክልሉ በጀት ይተዳደራል። ስለዚህ መዋቅሩን የሚያወጣው ክልሉ ሆኖ፣ ወንበሩን በእንጀራ የሚሞላው ወረዳው ነው። በተፈቀደውና በተያዘው መካከል ያለው ክፍተት ትልቁ ምንጭ ይህ የሥልጣን ክፍፍል ይመስለኛል።

ጎንደር ከተማን የሚለየው ሁለት ኪስ ያላት መሆኗ ነው። ትምህርት፣ ጤናና የመሳሰሉት «የመንግሥት ተግባራት» የሚባሉት በመደበኛው በጀት ሲሸፈኑ፣ እንደ ጽዳት፣ አረንጓዴ ልማትና የከተማ ውስጥ መንገድ ያሉት «የማዘጋጃ ቤት ተግባራት» ከተማዋ ከቦታ ኪራይ፣ ከሊዝና ከአገልግሎት ክፍያ በምትሰበስበው ገቢ ይሠራሉ። ግንባታና ንግድ ሲቀዘቅዝ የሚጎዳው ሁለተኛው ኪስ ነው።

በወረዳ ደረጃ ከበጀቱ አብዛኛው ወደ ደመወዝ ይሄዳል። የሚቀረው ሥራ ማስኬጃ ይባላል፦ ነዳጅ፣ የውሎ አበል፣ ወረቀት፣ መድኃኒት። ሥራ ማስኬጃ ሲመናመን የሚሆነው ግልጽ ነው፤ የግብርና ባለሙያው ወንበሩ ላይ አለ፣ ደመወዙም ይከፈለዋል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን ነዳጅ ስለሌለው ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ አይወጣም። ከላይ የጠቀስነው «ቢሮው ሞልቶ ሥራ የለም» የሚለው ወቀሳ ከሚነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱ ሁሉ በሠራተኛው ስንፍና ሲላከክ ይሰማል።

ደመወዝ ሲጨምር ቁጥሩ ምን ይሆናል?

የፌዴራል መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በዚህ ልክ የሚከፈለውን አንድ ጀማሪ ባለሙያ እናስላ። 11,500 በ12 ወር ሲባዛ 138,000 ብር ነው። ለጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥበት አሠሪው መንግሥት በላዩ 11 በመቶ ስለሚጨምር፣ 15,180 ብር ይታከላል። አንድ ወንበር በዓመት 153,180 ብር ይጠይቃል ማለት ነው፤ በቀድሞው ደመወዝ ግን 92,440 ብር ገደማ ነበር። በፊት ለ100 ጀማሪዎች ይበቃ የነበረው ገንዘብ፣ ተጨማሪ በጀት ካልመጣ፣ አሁን የሚበቃው ለ60 ሰው ብቻ ነው።

ኑሮ በከበደበት ጊዜ ጭማሪው ለሠራተኛው ትንሽ እንጂ ብዙ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል፤ ትክክል ነው። ለበጀት አውጪው ግን ያው ጭማሪ በሺዎች ሲባዛ ቅጥር የሚያቆም ክብደት አለው። ጭማሪ በተደረገ ማግሥት ጡረታ የወጡ ሠራተኞች መደብ ሳይተካ ሲቆይ ማየት ያልተለመደ ነገር ያልሆነውም በዚህ የተነሣ ነው።

ክፍት መደብ ለምን ባዶ ይቆያል?

የበጀቱ ጉዳይ ከላይ ተነግሯል። የቅጥር ሂደቱም ጊዜ ይወስዳል፦ መሥሪያ ቤቱ በዕቅዱ ያስገባል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በዝውውርና በደረጃ ዕድገት ከውስጥ ይፈለጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማስታወቂያው ለውጭ የሚወጣው። በደረጃ ዕድገት ሲሞላ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ወደ ላይ የወጣው ሰው የነበረበት ወንበር በተራው ባዶ ይሆናል። ባዶው ወደ ታች እየወረደ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በጀማሪ መደብ ላይ ስለሆነ፣ ለአዲስ ተመራቂ የሚደርሰው ዕድል ከላይ ያለው ሰንሰለት እስኪያልቅ ይዘገያል።

አንዳንድ መደብ ደግሞ በጀትም ማስታወቂያም ኖሮት አመልካች አያገኝም። የሕክምና ዶክተር፣ መሐንዲስና የኮምፒውተር ባለሙያ በከተማ የግል ሥራ ወይም የተሻለ በሚከፍል ድርጅት ስለሚያገኝ ሩቅ ወረዳ ላይ በደረጃው ደመወዝ ለመቆየት አይፈልግም።

«ድልድል» ሲባል ሠራተኛው የሚደነግጠው ለምንድን ነው?

መዋቅር ሲለወጥ የቀድሞዎቹ ወንበሮች ይነሡና አዲሶቹ ይደረደራሉ። ሠራተኞችን በትምህርት፣ በልምድና በውጤት እያወዳደሩ በአዲሶቹ ወንበሮች ላይ ማስቀመጥ ድልድል ይባላል። ወንበሩ ካነሰ አንዳንዱ ከነበረበት ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ወደማያውቀው ወረዳ ተዛውሮ፣ ጥቂቱ ደግሞ ያለ ምደባ ሊቀር ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ዞኑ ሲከፈል በጎንደር ከተማ ቤት ሠርቶ ልጆች ያስተምር ለነበረ የዞን ባለሙያ፣ ከከተማዋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ደባርቅ መመደብ በወረቀት ላይ አንድ መስመር፣ በኑሮው ላይ ግን ብዙ ነገር ነበር። በሕጉ መሠረት የመደብ መሰረዝ ሠራተኛውን ወዲያው ከሥራ ማሰናበት ማለት ባለመሆኑ፣ በሌላ ተመጣጣኝ መደብ ለማስቀመጥ ይሞከራል፤ የመዋቅር ማጥበብ በተደረገ ዓመት የደመወዝ ወጪ ወዲያው የማይቀንሰውም ለዚህ ነው። ቁጥሩ በእርግጥ የሚቀንሰው ቀስ ብሎ፣ 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ የወጣው ሳይተካ ሲቀር ነው።

ነዋሪው ቁጥሩን የት ሊያገኘው ይችላል?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች በጀት የሚያጸድቁት በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ የጸደቀው በጀት ለሕዝብ እንዲታይ በፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በወረቀቱ ላይ የሚገኘው ግን ብር እንጂ ሰው አይደለም፤ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል ይላል። የመደቡንና የሠራተኛውን ቁጥር የያዘው ሌላ ጽሕፈት ቤት፣ የሲቪል ሰርቪሱ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የሚፈልግ ሰው ለመጀመሪያው መሥሪያ ቤት «ለስንት መደብ ደመወዝ ተያዘ?»፣ ለሁለተኛው ደግሞ «ስንት መደብ ተፈቀደ፣ ስንቱስ ሰው አለበት?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ መልሱንም በጠቅላላ ድምር ሳይሆን በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው፣ በየሙያው ተዘርዝሮ ቢጠይቅ ይሻለዋል።